የዓመቱ አንደኛ ፊልምና የእኔ ሽማግሎች

ዓመት ሊያልቅ ሲል ሰው ሁሉ ደረጃ የማውጣት አባዜ ይይዘዋል። ጳጉሜ ስትገባ አዲስ አበባ ያሉ አዋቂዎች የዓመቱን ምርጥ ዘፈን፣ የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች፣ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ከአንድ እስከ ዐሥር ይደረድሩልናል። ስለ ፊልም የሚጽፉትማ ጉዶች ናቸው። ከዐሥሩ ዘጠኙን እኛ አላየናቸውም፤ ዐሥረኛውን አይተነው አልገባንም። አልገባኝም ያለ ሰው ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ፊልሙማ «ጥልቅ» ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ እኔም ከማን አንሼ ባለፈው ዓመት ካየኋቸው ፊልሞች የምወዳቸውን ልደረድር ተነሣሁ። መንዝና ግሼ ደጋ ላይ፣ ራቤል ከተማ ተቀምጦ የፊልም ሐያሲ መሆን ይቻላል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ባሕር የሌላት አገር ባሕር ኃይል ካላት እኔ ምን አጠፋሁ?

መጀመሪያ ፊልም ቤታችንን ላስተዋውቃችሁ። ከእህል ወፍጮው ጀርባ ያለች፣ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ ናት። ውስጧ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ዘወትር የተቆጡ ድምፅ ማጉያዎችና መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ወፍጮው ሲሠራ የፍቅር ፊልሙ ሁሉ የጦር ፊልም ይሆናል፤ በረዶ ሲወርድ ደግሞ የጦር ፊልሙ ድምፅ አልባ ይሆናል። ተመልካቹ ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባናውን ከቤቱ ተከናንቦ ይመጣል፤ ቁንጫዎቹም አብረውት በነጻ ይገባሉ። እንዲህ ባናችንን እስከ አፍንጫችን ስበን፣ ግማሽ ራቁታቸውን ባሕር ዳር የተጋደሙ ሰዎችን እናያለን። ሌላ አገር ያለ ተመልካች ይህን ሲያይ ስለ ነፍሳቸው ይጨነቅ ይሆናል። እኛ የምንጨነቀው ስለ ሳንባቸው ነው።

እኔ በሙያዬ የበግ ሐኪም ነኝ። መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር በሚባልበት አገር እኔም «ዶክተር» እባላለሁ፤ ታካሚዎቼ እስካሁን አልተቃወሙም። ቀን ቀን በግና ፍየል ስወጋ እውላለሁ፤ ሥራ ስፈታ ፊልም ቤት ነኝ።

እንግዲህ ወደ ደረጃው። ሦስተኛ ያደረግኩት አንድ ሰው ወንድሙ ተገደለበት ብሎ ከተማ ሙሉ ሕዝብ የሚፈጅበትን ፊልም ነው። ፊልሙ ይህን ያህል ጥሩ ሆኖ አይደለም፤ ደረጃውን ያገኘው በተመልካቹ ነው። ሰውዬው ገድሎ ገድሎ ሲጋራውን ለኩሶ ሲሄድ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ብድግ ብለው፣ ለመሆኑ የእነዚህ ሁሉ ሟቾች ወገን የት ሄደ፣ ጉማውስ እንዴት ሊሆን ነው ብለው ጠየቁ። የደም ካሣ ሳይከፈል፣ ሽማግሌ ሳይገባ፣ ደም ሳይደርቅ እንዴት ይለያያሉ? ክርክሩ ደጅ ወጥቶ ከፊልሙ በላይ ቆየ።

ሁለተኛው ያገር ውስጥ ፊልም ነው። ያገር ውስጥ ፊልም ሕጉ የታወቀ ነው፤ መኖሪያ ቤቱ ፎቅና ደረጃ ሊኖረው ይገባል። ባለ ደረጃ ቤት የሌለው ሰው እንዲያፈቅር አልተፈቀደለትም። ሰዎቹ ሳሎን ገብተው ሶፋ ላይ ይጣላሉ፣ ሆስፒታል ሄደው ይታረቃሉ፣ ዶክተሩም መነጽሩን አውልቆ አንገቱን ይነቀንቃል። እኔ አንድም በግ ሞቶብኝ መነጽሬን አውልቄ አላውቅም። መጨረሻው ደግሞ ሰርግ ነው፤ ሁልጊዜ ሰርግ ነው። የተጣላው ሁሉ ታርቆ እስክስታ ይወርዳል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ አለቀ። አዘጋጆቹ ሌላ የሰው ልጅ ፍጻሜ አልሰሙም ወይ እያልኩ በየሻይ ቤቱ ስሳለቅ ከረምኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን ረስቼ ነበር።

አንደኛውን ግን ከልቤ ወድጄዋለሁ። በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ፊልም ነው፤ የየት አገር እንደሆነ አላረጋገጥኩም፤ ብርዱ ግን የኛን ይመስላል። አንድ ሚስቱ የሞተችበት የተራራ ሰው ከአንዲት ልጁ ጋር ይኖራል። አንድ ወጣት ልጅቷን ይወዳታል። የወጣቱ ዘመዶች ሦስት ጊዜ ይመጣሉ፤ አባትየው ሦስት ጊዜ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «ይህ በር የእኔ ነው፤ የምከፍተው እኔ የፈቀድኩ ዕለት ነው» ይላቸዋል። በመጨረሻ በሩ ይዘጋል፤ ፊልሙም ያልቃል። አዳራሹ ተበላሸ ብሎ ጮኸ፤ ሌላ ፍላሽ አምጣ ተባለ። ያጨበጨብኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። እንዴት ያለ ጽናት፣ እንዴት ያለ አባት፣ እንዴት ያለ ከሰርግ የጸዳ ፍጻሜ እያልኩ ለሰማውም ላልሰማውም አወራሁ።

ካወራሁላቸው አንዱ የንስሐ አባቴ ቄስ ጌጡ ናቸው። ፊልም ማየት ኃጢአት ነው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው እንደ ፊልሙ ነው ብለውኝ ነበር። እንግዲህ ኃጢአቱ እንዲመዘን ታሪኩ ከነሙሉው መነገር አለበት። ባገኙኝ ቁጥር፣ «እህሳ፣ ምን አየህ?» ይሉኛል፤ እተርካለሁ። አንዳንዴ ታሪኩ ሊያልቅ ሲል ለአገልግሎት ይጠሩና፣ «ቀሪውን ኃጢአትህን ለሐሙስ አቆየው» ብለውኝ ይሄዳሉ። ከሁሉ የከፋ ስግደት የሚያዙብኝ አሰልቺ ፊልም ያየሁ እንደሆነ ነው። የንስሐ ምሥጢር እንደማይወጣ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ፤ ግን በእሳቸው ትርጓሜ ምሥጢሩ የእኔ ኃጢአት ነው እንጂ የፊልሙ ታሪክ አይደለም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን፤ ትዕግስት። ትዕግስት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እሷ ሰው ታክማለች፣ እኔ በግ፤ በገበያ ቀን የማናችን ታካሚ የበለጠ ዋጋ እንደሚያወጣ አልነግራችሁም። ተዋደድን። ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ፤ መላክ ብቻ ሳይሆን ቶሎ መላክ። ዐቢይ ጾም ከገባ ሰርግ የለም፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እሷ ለትምህርት ወደ ደብረ ብርሃን ትሄዳለች። ደብረ ብርሃን ሄዳ በግ የማያክም ስንቱን ታያለች?

አባቷ ጋሽ ይርዳው ይባላሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያለቻቸው ይቺው አንዲት ልጅ ናት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚሉ፣ ለክርክር የተፈጠሩ ሰው ናቸው። ከጎረቤታቸው ጋር በአንድ የድንበር ነገር ሲካሰሱ ኖረው ጎረቤትየው ሲሞት፣ ከሟች ቤተሰብ ይልቅ ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ። እንደሱ ያለ ተከራካሪ ከየት አገኛለሁ ነበር ያሉት።

ቄስ ጌጡ፣ አጎቴና አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ ሆነው ሄዱ። ልጅዎን ለልጃችን ቢሉ፣ ጋሽ ይርዳው እንደ ወጉ ጠየቁ። ዘሩን እናውቃለን፣ ሥራውንም እናውቃለን፤ ግን ይህ ልጅ ፊልም ቤት ነው አሉ የሚያዘወትር? ይህን ጊዜ ቄስ ጌጡ ሊያድኑኝ ተነሡ። ልጃችን እንደ ሌላው ተራ ነገር አያይም፣ ቁም ነገር ያለው ብቻ ነው የሚያይ፤ ለምሳሌ አንደኛ ብሎ የመረጠውን ልንገርዎ ብለው ያን ፊልም ጀመሩት። ቄስ ጌጡ ደግሞ ስብከት የተካኑ ሰው ናቸው። ከእኔ የሰሙትን ሲናገሩ፣ አጎቴ እንደነገረኝ ከሆነ፣ ለአባትየው ካባ ሁሉ አልብሰውት ነበር። እስኪ አስቡት፤ ልጅ ሊለምኑ ሄደው ልጅ የከለከለን ሰው ሲያወድሱ! ጋሽ ይርዳው እስከ መጨረሻው ሰሙና ሰውዬው የየት አገር ሰው ነው ብለው ጠየቁ። የውጭ ነው ሲባሉ፣ ዘሩ ቢጣራ ከግሼ አይጠፋም አሉ። ከዚያም ቀጠሮ ሰጡ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሽማግሎቹ ሲደርሱ ጋሽ ይርዳውን የክት በርኖሳቸውን ደርበው ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኟቸው። ጎረቤቱም ወሬ ሰምቶ አጥሩን ከቦታል። ሽማግሎቹ ገና አፋቸውን ከመክፈታቸው፣ «ይህ በር የእኔ ነው፤ የምከፍተው እኔ የፈቀድኩ ዕለት ነው» አሏቸው። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሕዝብ አጉረመረመ፤ አንዳንዱም አደነቀ። አጎቴ ሲነግረኝ ንዴቱና አድናቆቱ ተቀላቅሎበት፣ ሰውዬው ግን ያምርበታል አለኝ።

ያን ሰሞን እህል አልበላ አለኝ። ጾሙ እየቀረበ ነው፣ አማቼ ሊሆኑ የነበሩት ሰው ተዋናይ ሆነዋል፣ ያሠለጠንኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ። ትዕግስት ጋ ሄጄ ባለቅስባት፣ ያን አባት ይህን ያህል ካደነቅከው እሱን አታገባውም ወይ አለችኝ። ቀጥላም እናንተ ወንዶች ሁላችሁ ስለ ሰውዬው ስታወሩ ከረማችሁ፤ ልጅቷ ምን ሆነች ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም አለችኝ። እውነቷን ነበር። ለካ ይህንኑ ጥያቄ በማግሥቱ ለአባቷም ቁርስ ላይ አቅርባላቸዋለች።

ሦስተኛው ሽምግልና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር። ሙሽራ ሊሆን ያሰበ ሰው ሽማግሎቹ ባሉበት ድርሽ አይልም፤ ስለዚህ እኔ አንድ የታመመች በግ ፈልጌ እሷን ሳክም ነበር። ድንገት አጎቴ እያለከለከ መጣና ትፈለጋለህ አለኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ጋሽ ይርዳው የፊልሙ ልጅ ምን ሆነች ብለው ጠይቀው ማናችንም አላወቅንም፤ ቄሱም «ፊልሙን ያየ እሱ ነው» ስላሉ ምስክር ሆነህ እንድትቀርብ ታዟል አለኝ። በገዛ ሽምግልናው ላይ ምስክር ሆኖ የተጠራ ሙሽራ በመንዝና በግሼ ታሪክ ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ቦት ጫማዬን እንዳደረግኩ፣ በግ በግ እየሸተትኩ ሄድኩ።

ጋሽ ይርዳው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እጅ ነሥቼ ቆምኩ። እውነቱን እንድናገር አስጠነቀቁኝና፣ «ልጅቷ ምን ሆነች?» አሉኝ። ምን ልበል? ለወጣቱ ተዳረች፣ ወለደች፣ አባቷንም ጦረች ብል ማን ያጣራብኛል? አንድ ውሸት ነው የሚለየኝ ከትዕግስት። ግን ያ ስሳለቅበት የከረምኩት ሰርግ ምላሴ ላይ መጥቶ አልወጣ አለ። ፊልሙ አይነግረንም አልኳቸው። «እንዴት አይነግርም?» በሩ ይዘጋል፣ የሠራተኞቹ ስም ይመጣል፣ ያልቃል አልኩ። መጨረሻውን ለተመልካች ነው የተወው፣ ጥበቡም እዚያ ላይ ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ጋሽ ይርዳው ወደ ቄስ ጌጡ ዞረው፣ ግራ ቀኙን ሰምቶ ፍርዱን ለታዳሚ ትቶ የሚነሣ ዳኛ አይተው ያውቃሉ ወይ አሏቸው። ቄስ ጌጡ አላየሁም አሉ።

«ሰውዬውስ? አባትየው?» አሉኝ ቀጥለው። እሱንም አይነግረንም፤ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ግን ባዶ ወንበር ያሳያል አልኳቸው። የማን ወንበር ነው አሉኝ። ልጅቷ ከእራት በኋላ የምትቀመጥበት ነው አልኩ። ትዕግስት ጓዳ ሆና የምታሰማው የሰሃን ድምፅ ነበር፤ ጋሽ ይርዳው እሱን ሲያዳምጡ ቆዩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አሳዘኑኝ። እንዲያውም ትቼው ልውጣ ብዬ ነበር። ልጅ ከሰው ቤት መውሰድ ፊልም ላይ ሲያዩት ቀላል ነው።

በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ነገር ተከፍቶ ውሳኔ ሳይሰጥበት አይዘጋም፤ ያን ፊልም የሠራው ማንም ይሁን ማን ሥራውን ሳይጨርስ ነው የሄደ አሉ። «እኔ ይግባኝ ብያለሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ።» ሽማግሎቹ ገና ያኔ ተቀመጡ። ጋሽ ይርዳው ወደ እኔ ቀና ብለው፣ ለትምህርት ብትሄድም በዓል በዓሉን እዚህ ቤት እንደምትውል በሽማግሌ ፊት አስማሉኝ። ማልኩ። በዚያች ሰዓት የጓሳን ተራራ በጀርባህ አዝለህ ና ቢሉኝም እምል ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ጾሙ ሳይገባ ተሰረገ። እስክስታው ወረደ፣ የተጣላው ታረቀ፣ ኬኩም ከደብረ ብርሃን መኪና ላይ ሲንገላታ መጥቶ ቅርጹን አጥቶ ተቆረሰ። ከኬኩ ጋር አንድ የቪዲዮ ባለሙያ መጥቶ ነበር፤ እሱም ከጠዋት ጀምሮ የመጣ የሄደውን፣ የበላ የጠጣውን፣ የታሰረውን በቅሎ ጭምር ቀርጾ ሄደ። ተቀናብሮ ሲመጣ ፊልሙ የግማሽ ቀን ሥራ ያስፈታል። ታሪክ የለውም፣ መብራቱ ዓይን ያጠፋል፣ አንድ ዘፈን ያለ ማቋረጥ ይደጋገማል። ጋሽ ይርዳው ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳያሉ። እሳቸው ልጃቸውን መርቀው የሚሸኙበት ቦታ ሲደርስ ወደ ኋላ እያስመለሱ እንደገና ያያሉ፤ እዚያ ላይ ሁልጊዜ እንባቸው ይመጣል።

ባለፈው ጳጉሜ ይህን ደረጃ ላወጣ መነሣቴን ትዕግስት ነገረቻቸው። አስጠሩኝና፣ እንግዲህ ፊልም አዋቂ ነህ፣ የኛን ስንተኛ አደረግከው አሉኝ። ሐያሲነቴ ሊናገር አፉን ሲከፍት ትዕግስት አየችኝ። ሚስት እንዲህ ስታይ ጥበብ ምን አቅም አለው? ምንም ሳላመነታ አንደኛ ነው አልኳቸው።

ጋሽ ይርዳው ትክ ብለው አዩኝና፣ «እንግዲያ ሙሽራውን ልብ ብለህ አላየኸውም» አሉኝ።