ቡናማ ሩዝና ቢጫ በቆሎን ለመዳኘት የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

የማንጎ ጥላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ምገባ ኮሚቴ፣ ጋምቤላ

ቀን፦ ሐሙስ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ 4ኛ "ሀ" ክፍል (ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፎ ቁልፉ ውስጥ ስለቀረ)
ሰዓት፦ ለጠዋቱ 2:00 ተጠርቶ 2:50 ተጀመረ።

የተገኙ አባላት
1. አቶ ሩዋይ ቾል፣ ርእሰ መምህርና ሰብሳቢ
2. ሲስተር ኛይየን ጎኝ፣ ከጤና ጣቢያ
3. አቶ ደሞዝ አያሌው፣ የወላጆች ተወካይ፣ ከሰፈራ መንደር የመጡ ገበሬ
4. ወ/ሮ ኛዱዋል ጋች፣ ዋና ምግብ አብሳይ
5. መ/ር ኃይለኢየሱስ፣ የሒሳብ መምህርና ጸሐፊ (ድምፅ የማይሰጥ)

ያልተገኙ፦ አቶ ፒተር። አማታቸውን እየተቀበሉ መሆኑን በስልክ አሳውቀዋል። በስልኩ ውስጥ የዶሚኖ ድምፅ ተሰምቷል።

ከስድስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ስብሰባው የተጠራበት ምክንያት፦ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለ312 ተማሪዎች ምሳ የሚሆን አርባ ኩንታል ቡናማ ሩዝ ልኳል። ወላጆች በበኩላቸው ከማሳቸው ቢጫ በቆሎ አዋጥተዋል። መጋዘኑ አንዱን ብቻ ይይዛል። የጭነት መኪናው ሾፌር ቶሚ እስከ ረፋዱ 4:30 ውሳኔ ካልተሰጠው ሩዙን ይዞ ወደ ኢታንግ እንደሚሄድ ከበሩ ላይ ሆኖ አስታውቋል።

አጀንዳ 1፦ የሁለቱን እህሎች የምግብ ይዘት ማነጻጸር

1.1 ሰብሳቢው ቡናማ ሩዝ ገለባው ብቻ የተነሣለት፣ ስስ ሽፋኑ ያልተፋቀ ሩዝ መሆኑን አብራሩ። እሳቸው ራሳቸው በአንድ ሥልጠና ላይ ሆቴል ውስጥ በልተውት ለሦስት ቀን ሐሳባቸው ጥርት ብሎላቸው እንደነበር መሰከሩ።

1.2 ወ/ሮ ኛዱዋል ለናሙና የተሰጣቸውን ሩዝ ከማለዳ ጀምሮ ሰባት ጊዜ ቢያጥቡትም ሊነጣ እንዳልቻለ ሪፖርት አቀረቡ። ቆሻሻ ሳይሆን የተፈጥሮ ቀለሙ መሆኑ ተገለጸላቸው። "ታዲያ ቀድሞ አይነገረኝም? ክንዴ አለቀ እኮ!" ያሉት እንዲመዘገብላቸው ጠይቀው ተመዝግቧል።

1.3 ሲስተር ኛይየን ከስልካቸው እያነበቡ እንዳስረዱት፣ ደረቁ እህል በመቶ ግራም ሲለካ ሁለቱም የሚሰጡት ኃይል ተቀራራቢ ነው። በቆሎው በፕሮቲንና በአሰር (ፋይበር) ጥቂት ይበልጣል፤ ቢጫ ያደረገውም ነገር በከፊል ሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል። ሩዙ ደግሞ ማንጋኒዝ በተባለው ማዕድን በብዙ ይበልጣል።

1.4 አቶ ደሞዝ ማንጋኒዝ ከስሙ እንደሚታወቀው ከማንጎ የሚገኝ ስለሆነ፣ ግቢው በማንጎ ተሞልቶ ሳለ ለማንጋኒዝ ተብሎ ሩዝ መቀበል አላስፈላጊ ነው ሲሉ ተከራከሩ። በዚሁ ቅጽበት አንድ ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ወደቀ። አቶ ደሞዝ ይህም በማስረጃነት እንዲያዝ ጠየቁ። ሲስተር ኛይየን ሁለቱ እንደማይዛመዱ ሁለት ጊዜ አስረዱ። ማንጎው ከማስረጃነት ወጣ።

1.5 ሰብሳቢው ቢጫ በቆሎ በትልልቅ ከተሞች የዶሮ መኖ እንደሆነ ተናገሩ። አቶ ደሞዝ ከተቀመጡበት ተነሡ። ንግግራቸው ቃል በቃል የሚከተለው ነው፦ "አቶ ሩዋይ፣ እኔ በዚህ በቆሎ ሰባት ልጅ አሳድጌበታለሁ። እስካሁን አንድም እንቁላል የጣለ የለም።" ይህን ብለው ስላልተቀመጡ ውኃ ተሰጣቸው። ሰብሳቢው ንግግሩ ዶሮዎችን እንጂ ልጆችን እንደማይመለከት ገለጹ። ይህ ነገሩን አላበረደውም።

1.6 ጸሐፊው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጥብ ሲይዝ፣ ማንጋኒዙ በብዙ ስለበለጠ እንደ ሦስት ነጥብ ተቆጥሮ፣ ውጤቱ ሦስት ለሦስት ሆነ። ሰብሳቢው ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጥ፣ ካልተለየም በፍፁም ቅጣት ምት እንዲታይ ሐሳብ አቀረቡ። ማን ለሩዙ በረኛ እንደሚሆን ስላልተስማሙ ሐሳቡ ወደቀ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቡናማ ሩዝና ቢጫ በቆሎ እኩል መሆናቸው፣ ሆኖም እያንዳንዳቸው ከሌላው በጥቂቱ እንደሚበልጡ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የትኛው ይመረጥ?

2.1 ሾፌሩ ቶሚ ገብቶ "ላራግፍ ወይስ ልሂድ?" ሲል ጠየቀ። ጥያቄውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ተነገረው። ወ/ሮ ኛዱዋል ምሳ ሰዓት እየደረሰ መሆኑን አስታውሰው፣ ፈቃድ ጠይቀው ከሾፌሩ ጋር ወጡ። ስለ መውጣታቸው ተቃውሞ አልቀረበም።

2.2 ሰብሳቢው በስም መጥሪያ ላይ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ተማሪዎች ሩዝ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው በቆሎ እንዲበሉ ሐሳብ አቀረቡ። ሲስተር ኛይየን በሁለተኛ ክፍል መንትዮች እንዳሉ፣ ከአንድ ማሕፀን የወጡትን በምሳ መለየት ነውር እንደሆነ አሳሰቡ። ሐሳቡ ተሰረዘ።

2.3 ድምፅ ሲሰጥ ሰብሳቢው ለሩዝ፣ አቶ ደሞዝ ለበቆሎ እጃቸውን አወጡ። ሲስተር ኛይየን ሁለቱንም እጆቻቸውን አወጡ።

2.4 አቶ ደሞዝ በቆሏቸው ካልተመረጠ ሩዙም እንዳይገባ፣ ሰብሳቢው ሩዙ ካልገባ በቆሎውም እንዳይገባ አጥብቀው ጠየቁ። በዚህ ነጥብ ላይ ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ለፍትሕ ሲባል ሁለቱም እህሎች እንዳይገቡ በሁለት ድምፅ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ።

2.5 ሲስተር ኛይየን "ታዲያ ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው?" ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር እንዲታይ ተመራ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ ጉዳዮች

3.1 ከቀኑ 6:40 ላይ የልጆቹ ጫጫታ በድንገት ጸጥ አለ። ሰብሳቢው በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምተው ስለማያውቁ ደነገጡ። ኮሚቴው ተያይዞ ወጣ።

3.2 ልጆቹ በሙሉ ከማንጎው ሥር ተቀምጠው፣ አፋቸው ሞልቶ፣ እየበሉ ተገኙ። ወ/ሮ ኛዱዋል ሩዙን አቶ ደሞዝ ለናሙና ካመጡት አንድ ኩንታል የተከካ በቆሎ ጋር በትልቁ በርሜል አብረው ቀቅለው፣ ሽንኩርትና ዘይት ጨምረውበታል። ሰብሳቢው በማን ፈቃድ እንዳደረጉት ጠየቁ። መልሳቸው፦ "ዳይሬክተር፣ ልጆቹ ተርበው ነበር። እናንተ እጅ ስታወጡ እኔ እሳት አነደድኩ። አብረው በሰሉ።"

3.3 የቀረው ሩዝ የት እንዳለ ተጠየቀ። መጋዘኑ ለአቶ ደሞዝ በቆሎ ባዶ መቆየት ስላለበት፣ ከቶሚ ጋር ሆነው ርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ እስከ ጣሪያው መደርደራቸውን ወ/ሮ ኛዱዋል አስረዱ። ቶሚ ሄዷል።

3.4 ሰብሳቢው ለማጣራት ሲሉ አንድ ሳህን በሉ። ከዚያም ቀስ ብለው "እስቲ ከቢጫው በኩል ትንሽ ጨምሩልኝ" አሉ። አቶ ደሞዝ ጭልፋውን ከወ/ሮ ኛዱዋል ተቀብለው በገዛ እጃቸው ጨለፉላቸው። ስለ ዶሮ ያነሣ አልነበረም።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ፣ ነጥቡን ጨምሮ፣ ተሽሯል። ወ/ሮ ኛዱዋል የቀቀሉት የኮሚቴው ውሳኔ ሆኖ፣ ከትናንት ጀምሮ እንደተወሰነ ይቆጠራል። ሩዙ እስኪያልቅ ድረስ ርእሰ መምህሩ ሥራቸውን ከማንጎው ሥር ያከናውናሉ።

ስብሰባው ከቀኑ 7:50 ተበተነ። የትምህርት ቤቱ ማኅተም ቢሮው ውስጥ ከመጨረሻው ኩንታል ሩዝ ጀርባ በመሆኑ ይህ ቃለ ጉባኤ ያለ ማኅተም ወጥቷል።