የክቡር ኖርበርት ባዶ ቦታ

“ዋጋው ይወርዳል!” ባይ የሌለበት ሰፈር የለም። መኪና ልትለውጥ ስትል፣ ጣሪያ ልታሳድስ ስትል፣ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ “ቆይ እንጂ፣ ምን አንገበገበህ?” ይልሃል። ለእኛ ለአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ሰዎች የደረሱን ክቡር ኖርበርት ዝየሊንስኪ ናቸው፤ የሰባ አራት ዓመት ጡረተኛ፣ የቀድሞ በያጅ። የትንቢታቸው ዘርፍ ፒንቦል ነው፤ ያ በመስታወት ሥር የብረት ኳስ እያንጣጣ ጎረቤት የሚያስመርር የመጫወቻ ማሽን።

ምድር ቤታቸው ውስጥ ሁለት አሮጌ ማሽኖች አሉ። በመካከላቸው፣ ወለሉ ላይ፣ በሰማያዊ ፕላስተር የታጠረ ባዶ ቦታ አለ። የአዲሱ ማሽን ቦታ ነው። የታጠረው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አዲስ ማሽን አምስት ሺህ ዶላር በነበረ ጊዜ ነው።

“ዘረፋ ነው! ጠብቁ፣ ይወርዳል” አሉ። ስድስት ሺህ ገባ። “ከዚህ በላይማ አይሄድም” አሉ። ሰባት ገባ። አሁን ስምንት ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ክቡርነታቸው ግን ወይ ፍንክች! ሐሙስ ሐሙስ እዚያ የምንጫወት ሰዎች ያን ቦታ አንረግጥም። ባለቤታቸው ሎሬታ እንኳ የልብስ ቅርጫት ተሸክመው ዞረው ነው የሚያልፉት።

“አንተ ሰውዬ፣ ብሞት ሬሳዬንም በዚህ አታሳልፍ ይሆናል!”

“ተሸካሚዎቹ ይዙራ! ምን ቸገራቸው?”

እኔ በበኩሌ ደክሞኛል። እሳቸውን ሰምቼ ሦስት ጊዜ ከመግዛት ተመልሻለሁ፤ በተመለስኩ ቁጥር ዋጋው ጨመረ። ደግሞ እንዳልጣላቸው፣ አሮጌው ማሽኔ በተበላሸ ቁጥር ዕቃቸውን ይዘው የሚደርሱልኝ እሳቸው ናቸው። ስንት ልክፈል ስላቸው ይቆጣሉ።

ባለፈው ጥር ሎሬታ በሩ ላይ ያዙኝ። “የኖርበርት ጣቶች እየደረቁ ነው። ሐኪሙ ቢበዛ አንድ ዓመት ቢጫወት ነው ብሎታል። እንዳወቅህ እንዳይሰማ።”

ወደ ታች ስወርድ ክቡርነታቸው ፕላስተሩን እየቀየሩ ነበር። ጫፉን በጣታቸው ማላቀቅ አቅቷቸው በጥርሳቸው ይጎትታሉ። አንጀቴን በሉት።

ገዛሁ። በሙሉ ዋጋ። “ቤቴ ውሃ እያስገባ ነው፤ እስኪደርቅ እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ” ብዬ አስመጣሁት። ፕላስተሩ መሃል ልክክ አለ።

“በስንት ገዛኸው?” አሉኝ ሳይነኩት።

“አምስት ሺህ።”

ጥግ ላይ ልብስ የሚያጥፉት ሎሬታ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ልብሳቸው ተመለሱ።

“አላልኩም? ሎሬታ! ይወርዳል አላልኩም?” ቤቱን በጩኸት አናወጡት። ከዚያ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠራርገው በማሽኑ ጎንና ጎን ያሉትን መምቻ ቁልፎች ያዙ፤ የመጀመሪያዋን ኳስ ለቀቁ። ዐይናቸውን ከመስታወቱ ሳይነቅሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ አንተ ልጅ። አንድ ሁለት ዓመት ብትታገስ አራት ሺህ ይገባ ነበር።”

“እውነትዎን ነው” አልኳቸው፤ “መታገስ አቃተኝ።”