ሩሊግ ነው ወይስ ሩሊግ?

(ከስዊድን የመጡ ባልና ሚስት ኖርዌይ ውስጥ ናቸው። አልጋና ምድጃ ያለው መኪናቸው ከዋናው መንገድ ወጥቶ፣ በጠባብ የጠጠር መንገድ ወደ ባሕሩ ዳር እየወረደ ነው። የሚነዳው ሃምፑስ ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ እንደ እሱ አባባል። ሚስቱ ቱቫ ጎኑ ተቀምጣ ካርታውን ገልብጣ ይዛለች። ከኋላ ልጆቹ ቪጎና ሲሪ በአንድ የጎማ ቦቲ ይጣላሉ።)

ሃምፑስ፦ ተጽፏል እኮ። የበር መዝጊያ በሚያህል ሳንቃ ላይ ተጽፏል። እኔ ከሆዴ አወጣሁት?

ቱቫ፦ አልወጣኝም። ምን ይላል ብቻ ነው ያልኩህ።

ሃምፑስ፦ «ሩሊግ ማረፊያ» ይላል። ሩሊግ። ፊደሉ የኛው ፊደል፣ ቃሉ የኛው ቃል።

ቱቫ፦ ሩሊግ ማለት እንግዲህ…

ሃምፑስ፦ ሩሊግ ማለት ሩሊግ ነዋ። ሳቅ፣ ጨዋታ፣ ዳንኪራ። ስዊድናዊ አይደለሽም እንዴ? ምን ነካሽ ዛሬ?

ቱቫ፦ አይ፣ ኖርዌይ ነን ብዬ ነው።

ሃምፑስ፦ ስሚ፣ ላስተምርሽ። ኖርዌጅኛ ማለት ስዊድንኛ ነው። እነሱ እየዘፈኑ ይናገሩታል፣ እኛ እየተናገርን እንናገረዋለን፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ድምፁን ትተሽ ቃሉን ያዢ።

ቱቫ፦ ድምፁን ትቼ ቃሉን። እሺ። ታዲያ የጨዋታ ቦታ ከሆነ ለምንድነው በግ ብቻ የሚታየኝ?

ሃምፑስ፦ ሩሊግ ቦታ መንገድ ዳር ይሠራል? ጩኸቱ ሾፌር ያስደነግጣላ። ገባ ብሎ ነው የሚሠራው።

ቱቫ፦ እሱስ ልክ ነህ። እኔ አላሰብኩትም።

ቪጎ፦ (ከኋላ) አባዬ፣ የሚዘለልበት ፊኛ አለ?

ሃምፑስ፦ አለ። ሁለት አለ።

ቱቫ፦ አየኸው?

ሃምፑስ፦ ሩሊግ ብሎ ጽፎ ፊኛ ከሌለውማ ይከሰሳል።

ቱቫ፦ እኔ ልጆቹን ብዬ ነው። ትናንት ዋሻ ላሳያችሁ ብለህ የወሰድካቸው የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ተገኘ። አጋዘን ብለህ ያሳየሃቸውም ላም ነበረች።

ሃምፑስ፦ ቀንድ ነበራት።

ቱቫ፦ ዛሬም ካልተሳካ ለምን ወደ እማዬ የበጋ ቤት አንመለስም? ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ ይንቦራጨቃሉ። ግድግዳውም እንደው ቀለሙ ተላልጦ…

(ሃምፑስ ፍሬን ይይዛል። ከኋላ ድስቶቹ በሙሉ ይወርዳሉ።)

ሃምፑስ፦ ያን ግድግዳ አታንሺብኝ። በየበጋው እኔ ብሩሽ ይዤ መሰላል ላይ ተሰቅዬ፣ እናትሽ ከታች ወንበር ላይ ተጋድማ «ሃምፑስዬ፣ እዚያ ጋ ዘለልክ፣ እዚህ ጋ አወፈርክ» ትላለች። ይሄን መኪና ለምን የገዛሁ ይመስልሻል? ከግድግዳው ለማምለጥ ነው።

ቱቫ፦ ለልጆቹ ተፈጥሮ ላሳይ አላልክም?

ሃምፑስ፦ ተፈጥሮም አለበት። በይ አሁን ልጆቹ ይስሙ፣ ምስክር ይሁኑ። ቦታው ሩሊግ ካልሆነ፣ ነገ ጠዋት መኪናውን አዙሬ የናትሽን ግድግዳ እቀባለሁ። ሩሊግ ከሆነ ግን ግድግዳ የምትባል ቃል ከአፍሽ አልሰማም።

ቱቫ፦ በዚህ በጋ?

ሃምፑስ፦ እስክናረጅ።

ቱቫ፦ ከበደ፣ ግን እሺ። ሩሊግ ካልሆነ ትቀባለህ። ልጆች፣ ሰማችሁ?

(ልጆቹ ሰምተዋል። ቦቲው በመስኮት ወጥቶ ሄዷል።)

(ማረፊያው ደረሱ። ሣሩ ጢሙን እንደተላጨ ሰው ለስልሷል። የቆሙት መኪኖች መጋረጃቸውን ዘግተዋል። ሽማግሌዎች እግራቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነው ባሕሩን ያያሉ፤ ባሕሩም እነሱን ያያል። ባለቤቱ ኡድቫር ካልሲውን በሰንደል አድርጎ ብቅ ይላል። ዕድሜው ገፍቷል፤ ቢሆንም አንተ ነው የሚባለው፣ እዚህ አገር አንቱታ ከቀረ ቆይቷል።)

ሃምፑስ፦ (ደንቆሮ እንደሚያናግር ጮክ ብሎ) ቦታህ ሩሊግ ነው ብለን መጣን።

ኡድቫር፦ (ቀስ ብሎ፣ እያዜመ) በዚህ ዳርቻ እንደኔ ቦታ ሩሊግ የለም። ሰው ከጀርመን ድረስ ይመጣል።

ሃምፑስ፦ ሰማሽ? ከጀርመን ድረስ።

ኡድቫር፦ ባለፈው የነበሩት ባልና ሚስትማ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሰንብተው፣ ሲሄዱ አለቀሱ።

ሃምፑስ፦ (ለቱቫ) ሳቅ ነው። ትንፋሽ አሳጥቷቸው፣ እንባቸው እስኪመጣ።

ቱቫ፦ ይሆናል።

ሃምፑስ፦ ማታ ማታስ እንዴት ነው?

ኡድቫር፦ ማታማ ይብስበታል። ባለቤቴ ጉንቮር እንኳ አንዳንዴ «አልቻልኩም፣ ከተማ ደርሼ ልምጣ» ትላለች።

ሃምፑስ፦ ሰው ነቻ፣ በየቀኑ እንዴት ይቻላል።

ቱቫ፦ ልጆች ግን ይፈቀዳል?

ኡድቫር፦ ልጆች… (ወደ መኪናው ያያል። ሲሪ ምላሷን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች።) እንግዲህ ሩሊግ ልጆች ከሆኑ ምን ችግር አለ።

ሃምፑስ፦ ሩሊግ? ከነሱ በላይ ሩሊግ ልጅ ስዊድን አላፈራችም። ቪጎ፣ አሳየው እስቲ።

(ቪጎ ክላክስ ላይ በክርኑ ይተኛል። ሲሪ ድስትና ጭልፋ ይዛ ትወርዳለች። አንድ ሽማግሌ ከነወንበሩ ይገለበጣል። ኡድቫር ቆቡን ያወልቃል፣ መልሶ ያደርጋል።)

ኡድቫር፦ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?

ሃምፑስ፦ ዛሬ መንገድ አድክሟቸው ነው።

(ኡድቫር እየተንገዳገደ ይሄዳል። መጋረጃዎች አንድ በአንድ ይገለጣሉ።)

ቱቫ፦ ሃምፑስ፣ ሰዎቹ ዝም ብለው ያዩናል።

ሃምፑስ፦ አይገባሽም? ጀማሪ አጥተው ነው። ኖርዌይ እንዲህ ነው፣ አንድ ሰው ካልጀመረው አይነሳም። ልጆች፣ ኑ፣ በሰኔው በዓል እንደምንዘለው እንደ እንቁራሪት።

(ሃምፑስ ቁጢጥ ብሎ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የኡድቫርን የባንዲራ እንጨት እየዞረ ይዘላል። ልጆቹ ይከተሉታል። ማንም አልተነሳም። አንዲት ሴትዮ መጽሐፏን ይዛ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቆለፈች።)

ሃምፑስ፦ (እያለከለከ) እያሟሟቅኳቸው ነው።

(ልጆቹ አይስክሬም አማረን ብለው ያለቅሳሉ። በስዊድንኛ አይስክሬም «ግላስ» ነው። ሃምፑስ ጉንቮር ወደምትሸጥበት መስኮት ሄዶ ይመለሳል፤ በትሪ አራት ባዶ ብርጭቆ ይዟል።)

ቱቫ፦ ምንድነው ይሄ?

ሃምፑስ፦ ግላስ ነዋ። አራት ግላስ አልኳት፣ ሰጠችኝ።

ቱቫ፦ ባዶ ብርጭቆ ነው እኮ።

ሃምፑስ፦ መጀመሪያ ዕቃው ይሰጥሻል፣ ከዚያ አይስክሬሙን ራስሽ ከማሽን ትቀጂያለሽ። ሰልጥነዋል እነዚህ ሰዎች።

ቱቫ፦ ማሽኑ የት ነው?

ሃምፑስ፦ ፊኛው ጋ ይሆናል።

ቱቫ፦ ፊኛው የት ነው?

ሃምፑስ፦ ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ሁሉን ነገር ባንዴ ትፈልጊያለሽ። ለማንኛውም ሴትዮዋ ተመችታኛለች። «አንቺ እንዴት ራር ሴት ነሽ» አልኳት።

ቱቫ፦ ራር አልካት? ምን መለሰች?

ሃምፑስ፦ መስኮቱን ዘጋችው። ዓይን አፋር ናት መሰለኝ።

(ብርጭቆዎቹን ይዞ ማሽን ፍለጋ ከሕንጻው ጀርባ ይሄዳል። ኡድቫር ይመጣል።)

ኡድቫር፦ ስሚኝ ልጄ። ባልሽ ሚስቴን ሰድቧታል።

ቱቫ፦ ራር ነሽ አላት፣ አይደል?

ኡድቫር፦ ፊት ለፊት። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬያት ስኖር፣ አስቤው እንጂ ተናግሬው አላውቅም።

ቱቫ፦ አይዞህ። በናንተ ነው ራር ማለት ነካ ያደረገው የሆነው። በኛ ደግ፣ የሚወደድ ሰው ማለት ነው። ሊያሞግሳት ፈልጎ ነው።

ኡድቫር፦ ደግ? እንዲህ ከሆነማ ልንገራት። (ሊሄድ ብሎ ይቆማል) …ወይም ትንሽ ትቆይ። አንቺ ግን ይሄን ከየት አወቅሽ?

ቱቫ፦ ሳላገባ ኦስሎ ፋብሪካ ተቀጥሬ ሙዝ ስልጥ ነበር።

(ሃምፑስ አንዱን ብርጭቆ ሞልቶ፣ እጅጌው ረጥቦ ይመለሳል።)

ሃምፑስ፦ ማሽኑን አገኘሁት። ግን ተበላሽቷል፣ ውሃ ብቻ ነው የሚያወጣው።

ኡድቫር፦ ከጀርባ ያለው? ሰማያዊ ቧንቧ ያለው?

ሃምፑስ፦ እሱ።

ኡድቫር፦ የመኪኖቹ የሽንት ቤት ጋን ማጠቢያ ነው።

(ሃምፑስ አፉን በእጅጌው ይጠርጋል።)

ቱቫ፦ ቀመስከው?

ሃምፑስ፦ ለልጆቹ ነው የያዝኩት።

ቱቫ፦ ሃምፑስ።

ሃምፑስ፦ …ትንሽ።

ኡድቫር፦ እንግዲህ ልናገር። እዚህ ሰው የሚመጣው ሩሊግ ፈልጎ ነው። ልጆችህ ሩሊግ አይደሉም።

ሃምፑስ፦ የኔ ልጆች? ድስት እየመቱ፣ ክላክስ እየነፉ፣ በግህን እስከ ባሕሩ እያባረሩ? ከዚህ በላይ ምን ያድርጉልህ?

ኡድቫር፦ ይተኙ።

ሃምፑስ፦ መተኛት ነው ሩሊግ?

ኡድቫር፦ ከሱ በላይ ምን ሩሊግ አለ?

(ሃምፑስ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ይዞራል።)

ሃምፑስ፦ ቱቫ። እነዚህ ሰዎች ሩሊግ የሚሉት ምኑን ነው?

ቱቫ፦ ጸጥታን።

ሃምፑስ፦ አንቺ ታውቂ ነበር?

ቱቫ፦ ኦስሎ ሙዝ ስልጥ አለቃችን ቀኑን ሙሉ «ሩሊግ፣ ሩሊግ» ይለን ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ዘፈንኩለት። ሲያባርረኝ ነው የገባኝ።

ሃምፑስ፦ ግላሱስ?

ቱቫ፦ በነሱ ብርጭቆ ነው። የጠየቅከውን ነው የሰጠችህ።

ሃምፑስ፦ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?

ቱቫ፦ ልነግርህ ስል ስዊድናዊ አይደለሽም ወይ አልከኝ። ድምፁን ትተሽ ቃሉን ያዢ አልከኝ፣ ያዝኩ። ደግሞ ጸጥ ያለ ቦታ እንፈልግ ብልህ ስትከራከረኝ ይነጋ ነበር። ሳንቃው ምን ይላል ብዬ ብጠይቅህ ግን አንተው ነድተህ አመጣኸኝ።

ሃምፑስ፦ ሌላ የማላውቀው ቃል አለ?

ቱቫ፦ (ኡድቫርን ታያለች፤ ኡድቫር ሰንደሉን ያያል) የለም። ሌላው ያው ነው።

(ሃምፑስ አንገቱን ይደፋል። ድንገት ፊቱ ይበራል።)

ሃምፑስ፦ ቆይ ቆይ። ያልኩት ምንድነው? ሩሊግ ካልሆነ እቀባለሁ። በኛ ይሁን በነሱ አልወጣኝም። ቦታው በነሱ ሩሊግ ነው፣ ስለዚህ አሸንፌያለሁ። ግድግዳ የለም። እሱ ራሱ ይመስክር። ኡድቫር፣ ቦታህ ሩሊግ ነው አይደለም?

ኡድቫር፦ ነበረ።

ሃምፑስ፦ ነበረ ማለት?

ኡድቫር፦ እናንተ እስክትመጡ ድረስ።

(ከኋላ ድስቱ ይመታል። አንድ መኪና ሞተር አስነስቶ ይወጣል፤ ከጀርመን ድረስ የመጣው ነው።)

ቱቫ፦ በኛም አልሆነ፣ በነሱም አልሆነ። የቀረህ ዴንማርክኛ ነው፣ እሱን ደግሞ ራሳቸው ዴንማርኮቹም አይሰሙትም።

ሃምፑስ፦ (ቁጭ ይላል) …ቀለሙን ማን ይገዛል?

ቱቫ፦ እማዬ ገዝታ አስቀምጣለች። ቀዩን።

ሃምፑስ፦ መቼ ነው የገዛችው?

ቱቫ፦ አንተ መኪናውን የገዛህ ዕለት።

(ኡድቫር አዝኖለት አጠገቡ ይቀመጣል። ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ወስዶ ይደፋዋል።)

ኡድቫር፦ (ለቱቫ) ባልሽ ግን በጣም ራር ነው።

ሃምፑስ፦ (ቀና ብሎ) ሰማሽ? ይሄን ሁሉ አድርጌው እንኳ ሰውየው ወደደኝ።

ቱቫ፦ ሰምቻለሁ፣ የኔ ጌታ። እኔስ ያገባሁህ ራር ስለሆንክ አይደል?

ኡድቫር፦ በናንተ ነው በኛ?

ቱቫ፦ (ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ) ሽሽሽ። ሩሊግ።