የጀርሟ ሰባት ቤት

ሰው ሲታመም እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምንህን አመመህ?» አይደለም፤ «ከማን ያዘህ?» ነው። መድኃኒቱ ይዘገይ ይሆናል እንጂ ጥፋተኛው አይታጣም። ብዙ ጊዜም ጥፋተኛው መጨረሻ የመጣው ሰው ነው። ለምን ቢሉ፣ ቀድመው የመጡት እርስ በርስ ተስማምተዋላ!

ይህ የኛ የመንደር አመል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ አትላንታ ውስጥ ደመወዝ ይከፈልበታል። ልጄ ሶስና ላብራቶሪ ተቀምጣ የኮሌራን ዘር ትቆጥራለች። አትሳቁ። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ዘር ቆጠራን ግን ለኔ ተዉት። ከአትላንታ ዙሪያ ሊልበርንም ይሁን ሊቶኒያ፣ ሁለት ልጆች ሊጋቡ ሲሉ እስከ ሰባት ቤት አለመዛመዳቸውን ለማጣራት ስልክ የሚደወለው ለኔ ነው።

«ስም የላት፣ አባት የላት፣ ጀርምን እንዴት አድርገሽ ነው የምትቆጥሪያት?» አልኳት አንድ ቀን፣ ከሥራ ገብታ የመጥሪያ ቢፐሯን ጠረጴዛ ላይ ስትጥል።

«እማ፣ ሲምፕል ነው። ባክቴሪያዋ ስትባዛ ዲኤንኤዋን ትገለብጣለች፤ አንዳንዴ ትሳሳታለች። ስህተቷ ለልጅ ልጆቿ ይወርዳል። ሁለት አገር የተገኙ ጀርሞች አንድ ዓይነት ስህተት ካላቸው ዘመድ ናቸው ማለት ነው።»

«ስህተት ነው የሚወርሱት? እንደኛው ናቸዋ!»

ብዙም ሳይቆይ ሶስናን የሚወዳት ዳንኤል ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ ጋር እሱን ያሳደገችው የእናቱ እህት ዘነቡ መጣች። ዘነቡን ከሱዳኑ የስደተኞች ካምፕ ጀምሮ አውቃታለሁ። ካምፑን ኮሌራ የመታው እኛ በገባን ሰሞን ነበር፤ «ይዘውት የመጡት እነሱ ናቸው» ያለችውን ውቅያኖስ ተሻግራም አልጣለችውም። አውሮፕላኑ ሻንጣዋን ሲያጠፋ እሱን አላጠፋባትም።

ኤይቲ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ይዟቸው ዘግይተው ደረሱ። ገና ተቀምጠው ሳይደላደሉ ዘነቡ፣ «የነሱን ዘር መቁጠር ምን ያደርጋል? ካምፑን በኮሌራ ያስፈጁት እነሱ አይደሉ?» አለች።

ሽማግሌዎቹ ምንጣፉን ማጥናት ጀመሩ። የሶስና ፊት አመድ መሰለ። ሰርጉ እዚያው ሶፋ ላይ ሊሞት ነው።

«እሜቴ፣ የሰው ሰባት ቤት ሳይጀመር የጀርም ጀመርሽ?» አልኳት። «በይ ቁጠሪልኛ! እናቷ ማን ናት?»

ሶስና ተቀበለችኝ። «እትዬ ዘነቡ፣ ሁሌ የሚታማው መጨረሻ የመጣው ነው። ስንፈትሽ ግን አንዳንዴ ማንም ያልጠረጠረው ሰው ይዟት መጥቶ ይገኛል፤ አንዳንዴም ቀድሞውኑ ውሃው ውስጥ ነበረች። ከናንተ ካምፕ ደግሞ ለምርመራ የተቀመጠ ሳምፕል የለም። ሳምፕል ከሌለ ማንም ምንም ማለት አይችልም፤ አንቺም ብትሆኚ።»

«እርስዎ» ማለቱን ረሳችው። ያን ቀን አላረምኳትም።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ሰው ዘር መለሱን። ዘነቡ ከዳንኤል ተነስታ በእናቱ በኩል ወጣች፣ ወጣች፣ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ፣ «ባላምባራስ ይመር፣ ግራ ጆሮው ቆልማማው» አለች።

ከሶስና ተነስቼ ስቆጥር ስድስተኛው ላይ የሚቀመጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸዋ! ዘመድ ነን። ሰርግ የለም።

ተራዬ ደረሰ። እስከ አምስት እንደ ውሃ አወረድኩት። ከዚያ ቆምኩ።

«ከዚህ በላይ ሳምፕል የለኝም» አልኩ።

ዘነቡ አፍጥጣ አየችኝ። አምስተኛ ላይ የጠራኋት ሴት የማን ልጅ እንደሆነች ከኔ እኩል ታውቃለች፤ ዓይኗ ነገረኝ። ግን ዘመዳሞች ነን ብትል ኮሌራውን ያስገባው የሷም ቤት ሊሆን ነው። እናንተስ ብትሆኑ፣ ኮሌራ ያስገባ ዘመድ ከማግኘት ምራት ማግኘት አይሻላችሁም?

«ከሌለ የለም እንግዲህ» አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

ተጋቡ። ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ግራ ጆሮው ቆልመም ያለ። የኮሌራን ቅድመ አያት ለይታ የምታውቀው ልጄ ሕፃኑን እያገላበጠች፣ «እማ፣ ይሄ ጆሮ ከማን ነው የመጣው?» አለችኝ።

ዘነቡና እኔ ተያየን።

«ከውሃው ይሆናል» አልናት፣ እኩል።