ምግብ የማይሸጠው ምግብ ቤት

አንድን ቤት ምግብ ቤት የሚያሰኘው ምንድን ነው? «የሚበላበት መሆኑ ነዋ» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሹም ግን ሰው ሲበላ አይቶ ብቻ አይረካም።

ጣሊያን መተማን በያዘ ጊዜ ለአንድ ሹም አስተርጓሚ ነበርሁ። የእንጀራ ነገር ሆኖብኝ እንጂ ወድጄ አልነበረም ብል ታምኑኛላችሁ? ሹሙ አዲስ ደንብ አወጣ። ከእንግዲህ ጠላና አረቄ መሸጥ የሚፈቀደው ምግብ ለሚሸጥ ቤት ብቻ ነው፤ በባዶ ሆዱ የጠጣ ሰው ይደባደባልና። እውነት ለመናገር፣ ደንቡ ክፉ አልነበረም።

እትዬ ማንጠግቦሽ በገበያው ዳር ጠላ ይሸጡ ነበር። ባላቸው በንዳድ ከሞቱ ወዲህ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉት በዚያ ጋን ነው። ፈቃዱን ካላገኙ ጋኑ ይደፋል። እኔ ግን አልሰጋሁም። ከሱዳን የሚመለሰው ነጋዴ፣ ለጥጥ ለቀማ የወረደው ደገኛ፣ እኔም ራሴ፣ የእሳቸውን የማሽላ እንጀራ በወይካ፣ በደረቀ ባሚያ ወጥ፣ ሳንበላ ጠላቸውን ቀምሰን አናውቅም።

ሹሙ ጓዳ ገባ። ድስቱን ከፈተ፣ የእንጀራውን ቁልል አየ፣ መደብ ላይ ተቀምጠው የሚበሉትን አንድ በአንድ ተመለከተ። ደስ አለውና ብዕሩን አወጣ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶት ነበር።

«ለአንድ ሰው ምግብ ስንት ያስከፍላሉ?» ብዬ ተረጎምሁ።

የእትዬ ማንጠግቦሽ ፊት ተለዋወጠ።

«ስማ ልጄ፣ ጠላዬን እሸጣለሁ። እህል ሸጬ ግን አላውቅም። እንግዳ አብልቶ ዋጋ መቀበል በእናት በአባቴ ቤት ነውር ነው። እንዲህ ብለህ ንገረው።»

ነገርሁት። ኩራታቸው ደስ ቢለኝ ጊዜ አንድ ቃል ሳላጎድል ነገርሁት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ ሹሙ ብዕሩን ከደነ። ምግብ ካልተሸጠበት ምግብ ቤት አይደለም አለ። እስከ ቅዳሜ ገበያ ቀን ሰጣቸው። አያችሁ፣ ከዚያ ሁሉ መሸታ ቤት ሰው አጥግቦ የሚያጠጣው የእሳቸው ብቻ ነበር፤ የወደቀውም እሱ ሆነ።

«እትዬ፣ ዋጋ ይጥሩ። ለስሙ ብቻ» ብዬ ለመንኋቸው። ልጆቻቸውን አዩ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አዩ። ቅዳሜ ሹሙ ሲመጣ፣ ፊታችንን ሳያዩ ዋጋ ጠሩ። ፈቃዱ ተፈረመ። ያዳንኋቸው እኔ መስሎኝ ኮራሁ።

በማግስቱ ሄጄ ከፈልሁና በላሁ። ስንት ዓመት «እግዜር ይስጥልኝ» እያልሁ የበላሁትን ወጥ «ዛሬስ ቀጠነ» አልኋቸው። ከፍያለሁ አይደል? እንጀራው ሲያልቅ እጄን ሳልታጠብ ቆየሁ። እንደ ወትሮው «በሞቴ፣ ድገም» እስኪሉኝ ነበር።

ገበታውን አነሱና ወደ ሌላው እንግዳ ሄዱ።