ከሁሉ የሚቀርበን ኮከብ

የላስታ ሰው መንገድ ሲያሳጥር አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ፍላቂት ሩቅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «እዚችው ናት» ይላችኋል። እኔ ይህን አምኜ ጠዋት ተላጭቼ ብወጣ፣ ስደርስ ጢሜ ደረቴ ላይ ተኝቶ ነበር። ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ መንገደኛው ከወዲሁ እንዳይደክመው አዝኖለት ነው።

ታዲያ በደርግ ጊዜ በዚህ ሙያ የሚበልጠን ሰው መጣብን፤ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ። በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ሰብስቦን፣ «ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ ጎረቤታችን የሆነው ኮከብ፣ ብርሃኑ እኛ ዘንድ እስኪደርስ አራት ዓመት ያልፈዋል» አለን።

«ይኼ ጎረቤት ለልቅሶ መቼ ሊደርስ ነው?» አሉ አያ ደምሴ። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው።

እትዬ ዘውዴ ብቻ አልሳቁም። አንድ ልጃቸው ሞላ ከዘመተ አራት ዓመቱ ነው፤ ወሬው ጠፍቷል።

«የኔ ጌታ፣ ከዚያ ሆኖ ወዲህ የሚያይ ቢኖርስ?»

«ዛሬ የሚያየው የዛሬ አራት ዓመቱን ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያ ሞላ ከደጄ ሲወጣ አሁን እያየው ነዋ!»

ሞላን ለዘመቻ የመረጠው ሊቀ መንበር ከመቀመጫው ብድግ አለ። «የዛሬው ትምህርት ይብቃ!» አለ።

ማን ሰምቶት? እትዬ ዘውዴ ቆርቆሮውን አልፈው ሰማዩን የሚያዩ ይመስል ቀና አሉ።

«አንተ ጎረቤት፣ እውነት ቅርብ ከሆንክ ጥራውና መልስልኝ።»