የአማቼ ብስክሌት መስቀያ

ብሎን ማጥበቅ ከጀመረ እጁን የማይሰበስብ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ልጄን ድሬለታለሁ። መፍቻ ካልያዘ ሸጋ ሰው ነው።

የማኅበሩ ተራ የእኔ ነበርና ቆላ ድባ እህቴ ቤት ልደግስ ድፎ ዳቦዬን ከአማቼ ማኪና ኋላ ጫንኩ። አማቼ ደግሞ ደንቢያ ሜዳ ላይ ብስክሌት ሊነዳ አምሮት፣ በኋላው በር ላይ መስቀያ ብረት ሲያስር አረፈደ።

«እማማ፣ እስቲ ይነቅንቁት» አለኝ።

ነቀነቅሁት። ጎንደር ትነቃነቅ እንደሆነ እንጂ እሱስ ወይ ፍንክች።

ስንደርስ በሩ በመስቀያው ተይዞ አልከፈት አለ። መፍቻውስ? አጥብቆ ሲያበቃ በወንበሮቹ መሃል ወደ ኋላ ወርውሮት ከዳቦው ሥር ገብቷል። ዳቦው በወንበሮቹ መሃል ሳይቆረስ አይወጣም። ሳይባረክ የተቆረሰ ዳቦ ይዤ ማኅበርተኛ ፊት እንዴት ልቁም?

የነፍስ አባታችን አዘኑልኝ፤ ቢላዋ ይዘው በወንበሮቹ መሃል ሾለኩ። እግራቸው ውጭ ቀርቶ ጸሎቱ ከማኪናው ሆድ ሲሰማ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ተነሥቶ ለማኪናው እጅ ነሣ።

ቁራሹ ወጥቶ ሲያልቅ መፍቻው ተከተለ። አማቼ ተቀበለና ወደ ብስክሌቱ ሄደ። ሊፈታው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«መንገዱ ትንሽ አላልቶታል» አለና አጠበቀው።